ስለ አንዲት ያረጀች ዓሣ

ታሞ ስለ ተኛ በሬ ቢጻፍ ማንም አይሥቅም። በሬ አርሶ ያበላል፤ ስለ በሬ ማዘን በአገራችን እንደ ቁም ነገር ይቆጠራል። ስለ ታመመ ፈረስ፣ ስለ ነጠፈች ላም፣ ሌላው ቀርቶ ስለ ታመመ ውሻ መነጋገርም ያስኬዳል። «ዓሣዋ ታማብኝ ነው» ብሎ ከጥናት ቡድን የሚቀር ተማሪ ግን መሣቂያ ነው። እኔ ይህን መሣቂያነት ስምንት ወር ያህል ቀምሼዋለሁና፣ የተባልሁትን ሁሉ ከነምላሹ ለአንባቢያን ለማቅረብ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ነገሩ በዓሣ ተጀምሮ በዓሣ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ የማኅበራችንን ወረቀትና ቀለም ባላባከንሁ ነበር።

በመጀመሪያ ዓሣዋ የእኔ አልነበረችም። እኔ ከስድስት ኪሎ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር፣ በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ተማሪ ነኝ። አሮጊቷን ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። የተወለዱት ጣና ዳር ነው። ዓሣ ሲበሉ አድገው በእርጅናቸው ዓሣ አስታማሚ መሆናቸውን ሲያስቡት ራሳቸውም ይሥቃሉ። ዓሣዋን በ2004 ዓ.ም. ገዝቶ ያመጣት ብቸኛ ልጃቸው ነው። ያን ጊዜ ከአውራ ጣት አትበልጥም ነበር ይላሉ። ቀለሟ የብርቱካን ልጣጭ ይመስል ነበርና ወርቄ ተባለች። ልጁ በ2008 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ወርቄ ከእናቱ ዘንድ ቀረች። እኔ በ2014 ዓ.ም. ክፍሏን ስከራይ እማማ ከኪራዩ ላይ ጥቂት ቀነሱልኝና፣ «ውሃዋን የምትቀይርልኝ አንተ ነህ፤ እኔ እንግዲህ ጀሪካን ማንሣት አቅቶኛል» አሉኝ። ውላችን ይኸው ነበር።

ልጁ በየእሑዱ ይደውላል። እናትና ልጅ ብዙ የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም። ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም፤ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ዝም ይባላል፤ ከዚያ ልጁ «ወርቄ እንዴት ናት?» ይላል። እማማም «ደኅና ናት፤ ትበላለች፣ ትዋኛለች» ይላሉ። ቀስ እያለ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ልጁ ስለ ዓሣዋ ሲጠይቅ ስለ እናቱ መጠየቁ እንደ ሆነ፣ እማማም «ትበላለች» ሲሉ «እበላለሁ» ማለታቸው እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ የወርቄ መታመም ያን የእሑድ ስልክ የሚነካ ጉዳይ ነበር።

ሕመሙ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። አንድ ጧት ወርቄ ጀርባዋን ወደ ታች፣ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተንሳፍፋ ተገኘች። እማማ ሞታለች ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ወደ መስታወቱ ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ስንጥቧ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ዐይኗም ይከተለኛል። ለመገልበጥ ትታገልና ትንሽ ቀና ካለች በኋላ እንደ ቡሽ ተመልሳ ትንሳፈፋለች። በሕይወት ያለ ፍጡር እንደ ሞተ ሆኖ ማየት ደስ አይልም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያነበብሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ። ወርቅ ዓሣ የሚባለው ፍጡር መነሻው ቻይና ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ቻይናውያን ግራጫ ቀለም ካለው የኩሬ ዓሣ መካከል አልፎ አልፎ ወርቃማ ሆነው የሚወለዱትን ለይተው ማርባት ጀመሩ። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ960 እስከ 1279) በቤተ መንግሥትና በባለጸጎች ኩሬ ይጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ነገዱ የካርፕ ነገድ ነው። በጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙት ወደ 15 የሚጠጉት ትልልቅ የባርቡስ ዓይነቶችም ከዚሁ ሰፊ ነገድ ናቸው። ይህን ለእማማ ስነግራቸው «እንግዲያማ የአገሬ ልጅ ናታ!» አሉ።

ዳሩ ግን የሰው ልጅ ወርቃማ ቀለም አልበቃው አለ። ክብ ሆድ፣ ድርብ ጭራ፣ የወጣ ዐይን እየፈለገ በየትውልዱ መረጠ። ቀጥ ያለው የዓሣ ገላ ተጨምቆ እንቁላል መሰለ። ወርቄም ከእነዚህ ከክቦቹ ወገን ነበረች። እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚነሣው። ዓሣ በሆዱ ውስጥ የአየር ከረጢት አለው፤ በዚያ ነው ሳይሰጥምና ሳይንሳፈፍ በፈለገው ጥልቀት የሚቆመው። የወርቅ ዓሣ ከረጢት ሁለት ክፍል ሆኖ በቀጭን ቱቦ ከጉሮሮው ጋር ይገናኛል። ገላው ባጠረና በከበበ መጠን አንጀቱ፣ ኩላሊቱና ከረጢቱ በጠባብ ቦታ ይጋፋሉ። አንጀቱ ሲነፋ ወይም ሌላው አካል ሲያብጥ ከረጢቱ ይገፋል፤ ሚዛን ይጠፋል። እኛ ውብ ነው ያልነው ክብነት ለእሷ የሕመም መንገድ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳነብ የውበትን ዋጋ ሁልጊዜ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው የሚለው አሳብ መጣብኝ። ለጊዜው እዚሁ ልተወው።

በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ለሚማር አንድ የአገሬ ልጅ ስልክ ደወልሁ። መጀመሪያ ሣቀ። ቀጥሎ ግን እንደ ሐኪም መጠየቅ ጀመረ። ስንት ዓመቷ ነው? ትበላለች? ኩሷ ምን ይመስላል? ሆዷ በአንድ ወገን ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም ነው ያበጠው? እኔም ወረቀትና እርሳስ ይዤ መለስሁ። ሲያጠቃልል እንዲህ አለኝ። «ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ከምግብ ጋር አየር ውጣ ወይም አንጀቷ ደርቆ ነው፤ ይህ ይድናል። ወይ በጀርም የመጣ ነው፤ ይህ ምናልባት ይድናል። ወይ ደግሞ በውስጧ የሚያድግ ነገር አለ፤ ይህ አይድንም። ከመጀመሪያው እንጀምር፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት መሆኗን ግን አትርሳ።»

ወርቅ ዓሣ በደኅና ውሃ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ሊኖር ይችላል። በእንግሊዝ አገር ቲሽ የተባለ አንድ ወርቅ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር፤ ስሙም በክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል። ቲሽ ግን ቀጥ ያለ ገላ ካላቸው ተራ ዓሦች ወገን ነበር። ለክብ ዓሣ አሥራ ሁለት ዓመት እርጅና ነው።

ሕክምናችን በጾም ተጀመረ። ሦስት ቀን ምንም እንዳትበላ ታዘዘ። እማማን የምታሳዝናቸው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን «እኛ ሃምሳ አምስት ቀን እንጾም የለም ወይ፤ ሦስት ቀን ምን አላት!» አሉ። በአራተኛው ቀን ቅቅል አተር፣ ልጣጩ ተላጦ በጣት ጫፍ ደቅቆ ተሰጣት። ወርቅ ዓሣ ጨጓራ የለውም፤ የበላው በቀጥታ ወደ አንጀት ስለሚያልፍ ደረቅ ምግብ በውስጡ እየተነፋ ያስቸግረዋል፤ አተር ግን አንጀቱን ያለሰልሳል። የውሃውን ከፍታ ወደ ግማሽ ቀነስን፤ ወደ ላይና ወደ ታች ስትታገል እንዳትደክም ነው። በሊትር አንድ ግራም ያህል ጨው ጨመርን። ከውሃ በላይ ወጥቶ የሚደርቀውን የሆዷን ቆዳ እማማ በእርጥብ እጃቸው ቀስ አድርገው ይዘው ስስ ቫዝሊን ይቀቡላታል። እንደ ሕፃን እያባበሉ ነበር የሚቀቧት።

በሁለተኛው ሳምንት ወርቄ ቀና አለች። ጧት ጧት እንደ ጤነኛ ትዋኛለች፤ ከበላች በኋላ ወደ ቀኝ ትዘነበላለች፤ ማታ ከአንዲት ድንጋይ ሥር ራሷን ደግፋ ታድራለች። ለአራት ወር ያህል እንዲህ ኖረች። ድና ነበር ማለት አይቻልም፤ ያረጀ ሰው ከዘራ ይዞ እንደሚሄደው ትሄድ ነበር እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ውሃ አንድ ነገር ልበል፤ ዓሣ የሚያስታምም ሰው ዋና ሥራው ዓሣውን ሳይሆን ውሃውን ማከም ነውና። ዓሣ የሚያወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ዐይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን የሚያወጣው የሰው ክንድ ብቻ ነው። የወርቄ መስታወት ሳጥን 60 ሊትር ይይዛል፤ በየሳምንቱ ሲሶውን መቅዳትና አዲስ መጨመር ነበረብኝ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ስላለበት ባልዲው ተከፍቶ ቢያንስ አንድ ቀን ማደር አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ጎረቤት ለሻይ ውሃ በሚበደርበት ቀን በግቢያችን አንድ ባልዲ «የዓሣ» ተብሎ ይቀመጥ ነበር። ጎረቤት ሲመጣ ግን እማማ ያንኑ ባልዲ አንሥተው ይሰጡ ነበር፤ ለእሷ የእኔ ሌላ ጀሪካን ነበረላት።

ደግሞ ከፍታው አለ። የአዲስ አበባ አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ጠረፍ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ የእኛው ወደ 7 ዝቅ ይላል። ስለዚህ አየር የምትነፋው ትንሽ መሣሪያ ለወርቄ እንደ ሳንባ ነበረች። መብራት ሲጠፋ በኩባያ ውሃውን እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ አንቆረቁረዋለሁ፤ ውሃው ሲወርድ አየር ይዞ ይወርዳልና። በእጄ ኩባያ፣ በጉልበቴ የፈተና ማስታወሻ ይዤ በሻማ ብርሃን ያደርሁባቸው ሌሊቶች አሉ። በእርግጥ ወርቅ ዓሣ ኦክሲጅን ሲያጣ ወዲያው አይሞትም። ጡንቻው የሚያጠራቅመውን ላክቲክ አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ ያስወጣል፤ በምን ዓይነት ኤንዛይም እንደሚሠራው የኖርዌይና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 አሳይተዋል። ይህን በሻይ ቤት ብናገር ጓደኞቼ ከዚያ በኋላ «አረቄ አውጪዋ እንዴት ዋለች?» ማለት ጀመሩ።

ወደ ሻይ ቤቱ ክርክር ከደረስን ዘንዳ ሙግቱን እንዳለ ላቅርበው። የተከሰስሁት በሁለት ክስ ነው።

የመጀመሪያው ክስ «ዓሣ ምን ይሰማዋል? ትዝታውም ሦስት ሰከንድ ነው» የሚል ነበር። ይህ የሦስት ሰከንድ ወሬ ከየት እንደ መጣ እንጃ እንጂ ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የእስራኤሉ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስድስት ወርቅ ዓሦችን በጎማ በሚሄድ የመስታወት ገንዳ አድርገው በመዋኛ አቅጣጫቸው ተሽከርካሪውን እየመሩ ወደ ምልክት እንዲደርሱ ማስተማራቸውን ጽፈዋል። ዓሦቹ በደረቅ ምድር ላይ መኪና ነዱ ማለት ነው። ስለ ሕመም ስሜትም እ.ኤ.አ. በ2003 በስኮትላንድ በተደረገ ጥናት ከንፈራቸውን በንብ መርዝ ወይም በአሲድ የተወጉ ትራውት ዓሦች ለረጅም ጊዜ መብላት ትተው ሲወዛወዙ፣ አሲድ የተወጉትም ከንፈራቸውን ከጠጠር ጋር ሲያሹ ታይተዋል። ስሜታቸው እንደ ሰው ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለእኔ ግን ከንፈሩን ከጠጠር የሚያሽ ፍጡር «ምንም አይሰማውም» ለማለት ደፋር መሆን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ክስ ከባድ ነው። አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሲኒውን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ። «በዚህ ከተማ መንገድ ዳር የሚያድር ሕፃን አለ። አንተ ለአንዲት ዓሣ አተር ትልጣለህ። ይህ የባለጸጋ አገር ሰዎች ፈሊጥ ነው፤ ለእኛ አይሆንም።» ወጪው አንድ እፍኝ አተርና አንድ ማንኪያ ጨው ነው ብዬ ልመልስ እችል ነበር። ወይም አንተስ ዓሣ ባላስታመምህበት ሰዓት ለየትኛው ሕፃን ምን አደረግህ ብዬ አፉን ላስይዘው እችል ነበር። እንዲህ ያለው መልስ ሻይ ቤት ያሥቃል እንጂ ጥያቄውን አይመልስም። ሰውዬው በአንድ ነገር ትክክል ነውና። ጊዜ ያልቃል፤ ለአንዱ የተሰጠ ሰዓት ለሌላው አይሰጥም። ሕፃኑ ከዓሣዋ ይበልጣል፤ በዚህ አልከራከርም።

ሒሳቡ የማይገጥምልኝ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ርኅራኄ በጎተራ እንዳለ እህል ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል ነገር ቢሆን ኖሮ ጓደኛዬ ረትቶኝ ነበር። እኔ እንዳየሁት ግን ይበልጥ የሚመስለው የእጅ ሥራን ነው። ሸማኔ በሠራ ቁጥር እጁ ይፈታል፤ ያልሠራ እጅ ይደርቃል። ዓሣ አይጮኽም፣ አያለቅስም፣ «እዚህ ጋ ያመኛል» አይልም። እሱን የሚጠብቅ ሰው ያለው መሣሪያ ዐይኑ ብቻ ነው። ትላንት እንዴት ነበረች፣ ዛሬስ ምን ተለወጠ? ይህን በየቀኑ የጠየቀ ሰው ዐይኑ ይለምዳል። ይህን የምለው ለፍልስፍና አይደለም፤ ምስክር አለኝ።

በየካቲት ወር የወርቄ ሆድ እንደ ገና ማበጥ ጀመረ። በመስታወቱ ላይ መስመር የተሠመረበት ወረቀት ለጥፌ በየማታው ስፋቷን አያለሁ። በመጋቢት አጋማሽ አንድ ማታ ልኬቱን ጽፌ ዘወር ስል እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሊያወልቁ ይታገላሉ። ጫማው ሰፊ የላስቲክ ጫማ ነበር፤ ባለፈው ዓመት እግራቸው ይዋኝበት ነበር። ካልሲያቸውን ሲያወልቁ የላስቲኩ ምልክት በቁርጭምጭሚታቸው ላይ እንደ ቦይ ቀረ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ጫን ባደርገው የጣቴ ጉድጓድ አልሞላ አለ።

«እማማ፣ እግርዎ አብጧል» አልኋቸው።

«እርጅና ነው ልጄ። ተወው።»

«ወርቄንም እርጅና ነው ብለን አልተውናትም።»

ዝም አሉ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። የደም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሽንታቸውና ደማቸው ተመረመረ፤ ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ ኩላሊታቸው መጎዳት መጀመሩ ተነገረን። ክኒን ታዘዘላቸው፤ ጨው እንዲቀንሱ ተመከሩ፤ በየወሩ እንዲታዩም ቀጠሮ ተሰጣቸው። የመረመረቻቸው ነርስ «ደግ ጊዜ ነው የመጣችሁት» አለችን። እኔ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም፤ ወደዚያ ቤት ስገባ የሰውን ቁርጭምጭሚት የማይ ሰው አልነበርሁም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ልጁ ሲደውል የእናቱ «ደኅና ናት» አልጥም ቢለው የወርቄን ፎቶግራፍ እንድልክለት ጠየቀኝ። ወርቄ ያን ሰሞን እንደ ገና ተገልብጣ ነበር። እማማ ስልኬን ከእጄ ወሰዱና አዙረው ያዙት። «እንዲህ ገልብጠህ አንሣት፤ ቀና ያለች ትመስላለች» አሉ። እንዳሉት ስልኩን አዙሬ አሳየኋቸው፤ ወርቄ ቀና ብላለች፤ ጠጠሩ ግን ሰማይ ላይ ተሰቅሏል። እማማ አይተው እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ። ሣቃቸው ሲያባራ ለረጅም ጊዜ ስልኩን ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ራሳቸው ደወሉለት። «ወርቄ አርጅታለች፤ ታማለች» አሉት። ቀጥለውም፣ «እኔም ኩላሊቴን ነው አሉኝ» አሉት። ከወዲያ ወገን ምን እንደ ተባለ አልሰማሁም። ወደ ውጭ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ግን ገና እያወሩ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ።

በግንቦት መጨረሻ የወርቄ ቅርፊቶች ብርድ እንደ መታው ዶሮ ላባ ቆሙ። ይህ በዓሣ ሕክምና የታወቀ ክፉ ምልክት ነው። የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ደሙ ከሚኖርበት ውሃ ይልቅ ጨው ይበዛበታል፤ ስለዚህ ውሃ በስንጥቡና በቆዳው ሳያቋርጥ ይገባል፤ ኩላሊቱም ሌት ተቀን ወደ ውጭ ይቀዳል። ኩላሊቱ ሲደክም ውሃው በገላው ይጠራቀማል፤ ቅርፊቱን ከሥሩ ያነሣዋል። የቢሾፍቱው ጓደኛዬ ፎቶግራፉን አይቶ «ሦስተኛው ነው» አለኝ። ማግኒዥየም ሰልፌት ባለበት ውሃ አጠብናት፤ እብጠቱ ለሁለት ቀን ጎድሎ ተመለሰ። መብላት ተወች። ቆዳዋ በሁለት ቦታ ቆሰለ።

ጓደኛዬ የቀረውን መንገድ ነገረን፤ የቅርንፉድ ዘይት ነው። በቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጀኖል ዓሣን ያደነዝዛል፤ ሲያንስ ያስተኛል፣ ሲበዛ ያሳርፋል። እማማ መጀመሪያ «ነፍስ የሰጠ እሱ ይውሰዳት» ብለው እንቢ አሉ። እኔም ዝም አልሁ፤ የእሳቸው ዓሣ፣ የእሳቸውም ሃይማኖት ነውና። በሦስተኛው ቀን ግን ጧት ጠርተውኝ አንድ ነገር አወሩኝ። በልጅነታቸው የአባታቸው በሬ ገደል ገብቶ እግሩ ተሰበረ። አባታቸው በሬውን እንደ ልጅ ይወዱት ነበር። ጎረቤት «እኔ ልጨርስልህ» ቢላቸው እንቢ ብለው ራሳቸው ወረዱ። «ያረሰልኝን ለጅብ አልተወውም» አሉ ይባላል። እማማ ይህን ተናግረው ሲያበቁ፣ «ለጅብ መተው ምሕረት አይደለም» አሉኝ።

ልጁ በስልክ ተጠየቀ። እሱም ተስማማ፤ መስመሩንም ሳይዘጋ ቆየ። እዚያ ሌሊት ነበር። ዘይቱን በጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር እንደ ወተት እስኪነጣ መታሁት፤ ወርቄን ወዳዛወርንበት ትንሽ ሳህን ቀስ በቀስ ጨመርሁት። መጀመሪያ ዘንበል አለች፤ ቀጥሎ ክንፎቿ ረገቡ፤ ስንጥቧ እየዘገየ ቆመ። ስንጥቡ ከቆመ በኋላ ግማሽ ሰዓት በውሃው ውስጥ ቆየች። ክፍሉ የበዓል ወጥ ቤት ይመስል ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተ። እማማ በስልኩ «አረፈች» አሉት። ከግቢው ጤና አዳም ሥር ቀበርናት። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ጀምሮ ነበርና መሬቱ ለመቆፈር አላስቸገረም።

በተከታዩ እሑድ ስልኩ ሲጮኽ እኔም ሠጋሁ፤ አሁን ስለ ምን ያወራሉ ብዬ። ሰላምታው አለቀ፤ ዝምታው መጣ። ከዚያ ልጁ «እግርሽስ እማዬ? ክኒኑን ትውጫለሽ?» አለ። እማማም መለሱ። ዓሣ በመካከል አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ታሪክ ለሁሉም የሚሆን ሕግ ላውጣ አልልም። ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ። አንደኛው ለሚገዙ ነው። በልደት ቀን ለፍቅረኛው በብርጭቆ ዓሣ የሚያበረክት ተማሪ አይቻለሁ። ደግ ልብ ነው፤ ነገር ግን ያ ስጦታ አበባ አይደለም። በሰፊ ሳጥን፣ በማጣሪያና በንጹሕ ውሃ ከተያዘ ተመርቃችሁ፣ ሥራ ይዛችሁ፣ ልጅ ወልዳችሁም ሊኖር ይችላል። በብርጭቆ ከተያዘ ደግሞ በራሱ አሞኒያ ታፍኖ በሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ቃል መግባት የማይፈልግ ሰው አበባ ይስጥ።

ሁለተኛው ለከሳሾቼ ነው። አገራችን ብዙ የሚታመም ነገር አላት፤ ከሁሉም የሚበልጠው ሰው ነው። ይህን ከእናንተ ጋር አምናለሁ። ዳሩ ግን ትልቁን ሕመም ለማየት የሚበቃ ዐይን በሻይ ቤት ክርክር አይሠለጥንም፤ በእጅ የደረሰውን ትንሽ ነገር በየማታው በማየት እንጂ። በእኔ እጅ የደረሰችው ዓሣ ነበረች። በናንተ እጅ የደረሰው የታመመ የክፍል ጓደኛ፣ ዝም ያለ ወንድም፣ ስልክ የማያነሣ አባት ይሆናል። ትላንት እንዴት ነበር? ዛሬስ ምን ተለወጠ?

የኢኮኖሚክሱ ተማሪ አሁንም አልተረታም። ወርቄ ባትኖርም የእማማን እግር ማየት ይቻል ነበር ይላል። ይቻል ነበር፤ ግን አላየነውም። እማማ አሉ፤ ቀጠሯቸውንም አያጓድሉም። የሚቃወመኝ ሌላ ሰው ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ፤ እመልሳለሁ። የሻዩን ሒሳብ ግን ከሳሹ ይክፈል።